ላኩኝ ያሉት ቦታ ሁሉ የሚሄድ ሶፍትዌር፦ የአንድ ሰርተፍኬት ማስተዳደሪያ ግምገማ

ዳሽቦርዱ ያምራል። ይህን መጀመሪያ ልበልና ልገላገል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የትኛው ሰርተፍኬት (ሰርቨር ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል መታወቂያ) መቼ ያልቃል፣ የትኛው ሰርቨር ላይ ተጭኗል፣ ማን አስወጣው፤ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል። አለቃዬ ገና እንዳየው "በቃ፣ ይሄንን ነው የምንፈልገው" አለ። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ። ገንዘቡ የሚወጣው ዳሽቦርዱን ባየው ሰው ፊርማ ነው።

እኔ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲስተም አድሚን ነኝ። ሶፍትዌር ሲገዛ "እስኪ አንተ ደግሞ እየው" የምባለው ሰውዬ ማለት ነው። ይህኛውን ለሙከራ አስገብተነው ስለነበር፣ በራሳችን አካውንትና በራሳችን ማሽን ላይ፣ አለቃዬ እያወቀ፣ ሻጩም ፈቅዶ በደንብ ነካካሁት።

ስሙን አልጽፍም። ያገኘኋቸውን ክፍተቶች ለሻጩ ነግሬያለሁ። ከፊሉን አስተካክሏል፣ ከፊሉ ገና ነው። ዛሬ ስሙን ብጽፍ የሚጎዳው ሻጩ ሳይሆን ገዝቶ የጫነው ሰው ነው። "ስም የሌለው ግምገማ ምን ይሠራልኛል?" የምትሉ አትሂዱ። እዚህ የማነሳው ነገር የዚህ ምርት ብቻ አይደለም። ሰርተፍኬት ማስተዳደሪያ የሚባል ሁሉ ሲገዛ በግማሽ ቀን ሊፈተሽ የሚችል ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ በስሙ የምገመግመው አንድ አለ፤ ስቴፕ-ሲኤ ይባላል፣ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለምን ተፈላጊ ሆነ? የሰርተፍኬት ዕድሜ እያጠረ ስለሆነ ነው። የዌብሳይት ሰርተፍኬት እስከ 398 ቀን ይቆይ ነበር። ብራውዘር ሠሪዎችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች (ሲኤ ይባላሉ) ያሉበት ሲኤ ብራውዘር ፎረም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ባጸደቀው ውሳኔ ከማርች 15 2026 ጀምሮ ጣሪያው 200 ቀን ሆኗል። በ2027 ወደ 100 ይወርዳል። በ2029 ደግሞ 47 ቀን። ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት በበኩሉ "ሰርተፍኬትህ ሊያልቅ ነው" እያለ ይልከው የነበረውን ኢሜይል በጁን 2025 አቁሟል። በኤክሴል መዝግቦ መከታተል አከተመለት። ሶፍትዌሩ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ከሻጮቹ ጋር አልጣላም።

ሥራውንም ይሠራል። መረቡን ያስሳል፣ ማንም የማያስታውሳቸውን ሰርተፍኬቶች ያወጣል፣ በጊዜው ያድሳል፣ አዲሱን ሰርቨሩ ላይ ይጭናል። እኛ ጋ ባለቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ የቆየ አንድ የማተሚያ ሰርቨር ላይ ሊያልቅ የደረሰ ሰርተፍኬት አግኝቶልናል። በዚህ በኩል ደስ ብሎኛል።

ችግሩ ያለው ይህን ሁሉ የሚሠራበት መንገድ ላይ ነው።

ሰርተፍኬት ማስተዳደሪያ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሶፍትዌር አይደለም። ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰርቨሮችን ያንኳኳል፣ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚፈታውን) ይጠይቃል፣ የተሰረዙ ሰርተፍኬቶችን ዝርዝር ያወርዳል፣ ለስላክና ለቲምስ መልእክት ይልካል። የት እንደሚሄድ የሚነግረው ደግሞ በአብዛኛው ተጠቃሚው ነው። ላኩኝ ያሉት ቦታ ሁሉ የሚሄድ፣ በዚያ ላይ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ኪሱ ያለ ተላላኪ አስቡ። አንድ ውጭ ያለ ሰው "እስኪ እዚያ ጓዳ ገብተህ ያለውን አይተህ ንገረኝ" ቢለው እሺ ብሎ ይሄዳል። ሄዶም ይመለሳል፤ ያየውንም ይናገራል። በደህንነት ሰዎች ቋንቋ ይህ ኤስኤስአርኤፍ ይባላል። አጥቂው ራሱ መድረስ የማይችልበት ቦታ ሰርቨሩን ልኮ ማስጠየቅ ነው። ኦዋስፕ የሚባለው የዌብ ደህንነት ድርጅት በ2021 ባወጣው የአሥሩ ዋና ዋና የዌብ አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አሥረኛ ሆኖ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ሰውዬው አድራሻ የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች ሁሉ መፈለግ ጀመረ። ሰውዬው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው "ሰርቨር ጨምር" የሚለው ነው። ስምና ፖርት (የማሽኑ የበር ቁጥር) ይጻፋል፣ ሶፍትዌሩ ሄዶ በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ይገናኛል፣ የሰርተፍኬቱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ሰርተፍኬት በሌለበት ቦታ ብልከውስ ብዬ የውስጥ መረባችንን አድራሻ ከተለያየ ፖርት ጋር እየቀያየርኩ ጻፍኩ። ምንም ፕሮግራም የማይሠራበት ፖርት ላይ "ግንኙነቱ ተከልክሏል" ይላል። ፋየርዎል የዘጋው ላይ ብዙ ቆይቶ "ጊዜው አልፏል" ይላል። ቲኤልኤስ የማይናገር ነገር ያለበት ፖርት ላይ ደግሞ "የተሳሳተ የቨርዥን ቁጥር" የሚል የፓይተን ስህተት እንዳለ ይለጥፋል። ሦስት ዓይነት መልስ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ፣ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው የፖርት ስካነር ነው። ለማያውቁ ደግሞ፦ የትኛው ማሽን እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ፣ የትኛው ላይ ምን እንደሚሠራ ከውጭ ሆኖ ካርታ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ሳጥን አይመስልም። ሰርተፍኬት መጫኛው ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይኸውላችሁ፦ ሰርተፍኬት በውስጡ አድራሻ ይይዛል። "ተሰርዤ እንደሆነ ማወቅ ብትፈልጉ እዚህ ሂዱና ዝርዝሩን አውርዱ" የሚል መስመር አለው። "የሰጠኝን ሲኤ ሰርተፍኬት ከዚህ አምጡ" የሚልም አለው። እነዚያን መስመሮች የሚጽፈው ሰርተፍኬቱን የፈረመው ነው። እኔ ደግሞ ኦፕን-ኤስኤስኤል በሚባል መሣሪያ የራሴን ሲኤ ሠርቼ ለራሴ ሰርተፍኬት መፈረም እችላለሁ። ማንም ይችላል።

ፈረምኩ። የዝርዝሩ ቦታ ላይ ላፕቶፔ ላይ ያስነሳኋትን ትንሽ ሰርቨር አድራሻ አስገባሁ። ፋይሉን ስጭን ሶፍትዌሩ "ይህ ሰርተፍኬት በታመነ ሲኤ አልተፈረመም" ብሎ በቀይ ጻፈልኝ። ጎሽ አልኩ። ወደ ተርሚናሌ ዞር ስል ግን አንዲት መስመር ወጥታለች፤ ከሶፍትዌሩ አይፒ የመጣ የጌት ጥያቄ (ያለውን አምጣልኝ ማለት ነው)፣ የላኪው ስም ቦታ ላይ "ፓይተን-ሪኩዌስትስ" (የዌብ ጥያቄ የሚልክ የፓይተን ኮድ) የሚል። ለካ የተናቀውን ሰርተፍኬት አድራሻ ተከትሎ መጥቶ ነበር። አላምንህም ያለውን ሰው ትእዛዝ ፈጽሞ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ ፊርማው ይጣራል፣ ከታመነ በኋላ ነው ውስጡ ያለው አድራሻ የሚነካው።

ይህን ጉዳይ ሌሎች አስበውበታል። ጃቫ ለምሳሌ የጎደለ ሲኤ ሰርተፍኬትን በአድራሻው ሄዶ የማምጣት ችሎታ አለው፣ ግን ራሳችሁ ካላበራችሁት በቀር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ሦስተኛው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰርተፍኬት ሊያልቅ ሲል ማሳወቂያ የሚላክበት ዌብሁክ አለ። አድራሻውን ትጽፋላችሁ፣ "ሙከራ ላክ" የሚል ቁልፍ አለ፣ ስትጫኑት ሶፍትዌሩ ወደዚያ አድራሻ ይልክና የተመለሰለትን ከሥር በግራጫ ሳጥን ያሳያችኋል። ሙሉ መልሱን። ስህተት ለመፈለግ እንዲመች ታስቦ ነው፣ በእርግጥም ይመቻል። ይህን ለማድረግ አስተዳዳሪ መሆን አያስፈልግም። የራሱ አንድ ሰርተፍኬት ያለው ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ይበቃል።

ማሽኑ ያለው አማዞን ክላውድ ላይ ነው። አማዞን ላይ እያንዳንዱ ማሽን ስለ ራሱ የሚጠይቅበት፣ ሜታዳታ የሚባል አድራሻ አለ፤ 169.254.169.254። ከውጭ አይደረስበትም፣ ማሽኑ ራሱ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስምህ ማን ነው፣ የት ነህ፣ ምን ሥልጣን ተሰጥቶሃል፤ የመጨረሻውን ሲጠይቅ ጊዜያዊ ቁልፎች ይሰጡታል። በቀጥታ ዌብሁኩ ላይ ይህን አድራሻ ስጽፈው አልሠራም። ዌብሁክ የሚልከው በፖስት (ይህን ተቀበል በሚል ጥያቄ) ነው፤ ያኛው ደግሞ የሚመልሰው ለጌት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ተመስገን" ብሎ ይተወዋል።

ነገር ግን ፓይተን-ሪኩዌስትስ አንድ ጠባይ አለው። የላከለት ሰርቨር 302 ብሎ "ወደዚያኛው አድራሻ ሂድ" ካለው (ሪዳይሬክት ይባላል) ይሄዳል፤ ሲሄድ ፖስቱን ወደ ጌት ይለውጠዋል። ብራውዘሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ዌብሁኩን ወደ ራሴ ሰርቨር አዞርኩት። ሰርቨሬ የሚመልሰው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ 302፣ ወደ 169.254.169.254 ሂድ፣ የሥልጣን ስሞች ያሉበት መንገድ ተከትሎት። "ሙከራ ላክ" ተጫንኩ።

ግራጫው ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ወጣ። የማሽኑ የሥልጣን ስም ነው። ያንን ስም አድራሻው ጫፍ ላይ ጨምሮ እንደገና መላክ ቁልፎቹን ራሳቸውን ያመጣል። እዚያ ላይ አቆምኩ፣ ስክሪኑን አነሳሁ፣ ለአለቃዬ ላክሁ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ አልጽፈውም።

ይህ ክፍተት በተራ ሶፍትዌር ላይ ቢሆን መጥፎ ነው እንል ነበር። በሰርተፍኬት ማስተዳደሪያ ላይ ግን የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ይህ ማሽን ሥራውን ለመሥራት ምን ሥልጣን እንደተሰጠው አስቡ። ዶሜይኑ የኛ መሆኑን ለማሳየት ዲኤንኤስ ላይ መዝገብ ይጽፋል። አዲስ ሰርተፍኬት ሲጭን የግል ቁልፎችን ይይዛል። የሱን ሥልጣን የያዘ ሰው ዲኤንኤሳችንን ይቀይራል። ዲኤንኤሳችንን የቀየረ ደግሞ ከየትኛውም ሕጋዊ ሲኤ በኛ ስም ትክክለኛ ሰርተፍኬት ያወጣል። ብራውዘሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አያሳይም፤ የኛም ዳሽቦርድ እንደዚያው።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት የሚመስለው ካለ ካፒታል ዋን የተባለውን ባንክ ያስታውስ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ማክሊን ነው፤ ታይሰንስ አካባቢ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ያለፈ ሁሉ ሕንፃውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ዓይነት ክፍተት፣ በዚሁ በ169.254.169.254 በኩል፣ የማሽኑ ቁልፍ ተወስዶ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያንና 6 ሚሊዮን ካናዳውያን መረጃ ወጣ። የባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2020 የ80 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። እዚህ ሰፈር ካሉ አበሾች ስንቱ የዚያ ባንክ ካርድ እንዳለው እናንተው ገምቱ።

አማዞን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሁለተኛውን ዓይነት የሜታዳታ አጠያየቅ አወጣ። በሱ መጀመሪያ ፑት በሚባል ሌላ ዓይነት ጥያቄ ቶክን (ማለፊያ) ይወሰዳል፣ ከዚያ ያንን ቶክን የጥያቄው ራስጌ ላይ አድርጎ ነው የሚጠየቀው። እንደኔ ያለ በ302 የሚጫወት ሰው ፑት ማስላክም ራስጌ ማስጨመርም አይችልም። አንድ ምርጫ "ግዴታ" ላይ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው። ሻጩ ያዘጋጀው የማሽን ምስል ግን አሮጌውንም አዲሱንም ፈቅዶ ነበር የመጣው። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ኮድ ላይ ስህተት ይኖራል፣ የሰው ሥራ ነው። በነጻ የሚገኝ መከላከያን ግዴታ ሳያደርጉ መሸጥ ግን ስንፍና ነው።

አሳወቅኳቸው። የደህንነት ክፍላቸው ጨዋ ነው፣ ቶሎ መለሱ፣ አመሰገኑ። ለዚህ ነጥብ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ማስተካከያቸው ግን አሳቀኝ። "ሎካልሆስት"፣ 127.0.0.1 (ሁለቱም ማሽኑ ራሱን የሚጠራባቸው ናቸው) እና 169.254.169.254 የሚሉ ጽሑፎች ሳጥኑ ውስጥ ከተገኙ እምቢ ይላል። ጽሑፍ ነው የሚፈልገው። 127.0.0.1ን እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር ብትጽፉት 2130706433 ይሆናል፤ ብዙ ሲስተም ያንን ተቀብሎ እዚያው ይሄዳል። የነሱም ሄደ። 302ቱ ደግሞ ጭራሽ አልተነካም፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የኔ ንጹሕ አድራሻ ነው።

በሁለተኛው ዙር አሻሽለዋል። አሁን ስሙን ወደ አይፒ ፈትተው አይፒውን ያያሉ፣ ሪዳይሬክትም አይከተሉም። የቀረው፣ ለማጣራት አንዴ፣ ለመገናኘት ደግሞ ሌላ ጊዜ ስሙን መፍታታቸው ነው። በመሐል ዲኤንኤሱ መልሱን ቢቀይርስ? ለመጀመሪያው ጥያቄ የውጭ አይፒ፣ ለሁለተኛው የውስጥ አይፒ የሚመልስ ዲኤንኤስ ማቆም ከባድ ሥራ አይደለም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አንዴ ፍቱት፣ ያጣራችሁትን ያንኑ አይፒ ተገናኙ። ስሙን ያልጻፍኩት ይህ እስኪስተካከል ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ማንም ያላሰበበት አዲስ ነገር ቢሆን እኔም እንዲህ አልነዘንዝም ነበር። ሰርተፍኬት በራሱ እንዲወጣ የሚያደርገው የአክሚ ፕሮቶኮል ደንብ፣ አርኤፍሲ 8555፣ በማርች 2019 ነው የወጣው። የደህንነት ምዕራፉ ውስጥ 10.4 የሚለውን ክፍል አንብቡት። ሲኤው የዶሜይኑ ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ ወደ ሰጣችሁት ስም ሄዶ ፋይል ይጠይቃል፤ ያንን የሚያደርገው ባለቤት መሆናችሁን ከማወቁ በፊት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሲኤውን የትም ሊልከው ይችላል ይላል። መልሱን ለስህተት መፈለጊያ ብላችሁ ለጠያቂው ካሳያችሁ የውስጥ መረባችሁን እያስነበባችሁ ነው ይላል። አጥቂው የሚመርጠው ስሙን ብቻ ስለሆነ አትዘናጉ፣ በ302 የትም ያዞረዋል ይላል። የኔ ግራጫ ሳጥን፣ የኔ 302፣ ሁሉም እዚያ ቁጭ ብሏል። አንድ ሰርተፍኬት ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ይህንን ገጽ ሊያነብ አይገባም ወይ?

ሌትስ ኢንክሪፕት አንብቦታል። ሪዳይሬክት ይከተላል፣ ግን ከአሥር አያልፍም፣ ወደ ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ ብቻ፣ ወደ ፖርት 80 እና 443 ብቻ።

የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ ይህን ሳወራ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ እኛኮ ክላውድ ላይ አይደለንም። ሰርቨራችን እዚሁ ምድር ቤት ነው። እኛን ምን ያገባናል?" ጥሩ ጥያቄ ነው። "አንተ ልጅ፣ ምድር ቤት ስላለ ነው ይበልጥ የሚያገባህ" አልኩት። ክላውድ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ ያቺን አንዲት አድራሻ ዘግቶ ትልቁን አደጋ ይቀንሳል። ምድር ቤት ያለው ደግሞ ሬዲስ የሚባል ፓስወርድ የሌለው ዳታቤዝ አለው፣ የስዊቹ መቆጣጠሪያ ገጽ አለው፣ የቨርቹዋል ማሽኖቹ ማስተዳደሪያ አለው። "ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል" ተብሎ የተተወ ሁሉ ለተላከ ሶፍትዌር ክፍት ነው። ልጁ ዝም አለ፤ በኋላ "ሬዲሱ ፓስወርድ ተደረገለት" ብሎ ጻፈልኝ። ተባረክ።

አሁን ወደ ስቴፕ-ሲኤ። ስሞልስቴፕ የሚባል ኩባንያ የሚያወጣው፣ በጎ ቋንቋ የተጻፈ፣ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ በነጻ የሚገኝ ነው። ሥራው ይለያል፤ የራሳችሁን ሲኤ ታቆማላችሁ፣ የውስጥ ሰርቨሮቻችሁ ከሱ በአክሚ ሰርተፍኬት ይወስዳሉ። ማስነሳቱ ቀላል ነው። በአንድ ትእዛዝ ሥር ሰርተፍኬቱንም መካከለኛውንም ሠርቶ፣ መዋቅሩን በአንድ ጄሰን ፋይል ያስቀምጥላችኋል። ሲነሳ የቁልፉን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ሰርቪስ አድርጎ ለሚያስነሳው ፓስወርዱን በፋይል መስጠት ይኖርበታል፣ ያንን ፋይል ደግሞ ማን እንደሚያነበው ማሰብ ነው። ሰርተፍኬቶቹ ካልቀየራችሁት በቀር 24 ሰዓት ነው ዕድሜያቸው። ወድጄዋለሁ። ሲሰረዝም በመሠረቱ እንዳይታደስ ይከለከላል እንጂ ዓለምን ሁሉ አያስጠነቅቅም፤ ዕድሜው አንድ ቀን ስለሆነ ለኛ በቂ ነው። ባለ ቀለም ዳሽቦርድ በነጻው ላይ የለም። አለቃዬ አዘነ።

ከኤስኤስአርኤፍ አንፃር እንዴት ነው? እዚህ ጋ ነገሩ ይጠልቃል። የአክሚ ደንቡ "የማረጋገጫ ጥያቄ ወደ ሕዝባዊ ኢንተርኔት ብቻ ይሂድ፣ ወደ ውስጥ መረብ አይሂድ" ይላል። የውስጥ ሲኤ ግን የቆመው የውስጥ ሰርቨሮችን ሊያረጋግጥ ነው! የውስጥ አይፒ ዝጋ ብትሉት ሥራ አጥ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሶፍትዌር የዚህን ጉዳይ መልስ ብቻውን ሊሰጣችሁ አይችልም። የሚሰጣችሁ መያዣዎችን ነው፣ እነሱም ጥሩ መያዣዎች ናቸው።

አንደኛ፣ የማረጋገጫ ዓይነቶቹን መምረጥ ይቻላል። ሲመጣ ሦስቱ ክፍት ናቸው፤ በኤችቲቲፒ፣ በዲኤንኤስ፣ በቲኤልኤስ። መዋቅሩ ያለበት ፋይል ውስጥ የማትፈልጉትን ታወጣላችሁ። በዲኤንኤስ ብቻ ካደረጋችሁት ሲኤው የማንንም ሰርቨር አያንኳኳም፤ ዲኤንኤስ ጠይቆ ይበቃዋል። ዋጋው ግን አለ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ዲኤንኤስ ላይ መጻፍ ሊፈቀድለት ነው። ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ብዙ ቦታ መበተን እንዳይሆን ፈራሁና እኛ በኤችቲቲፒ ቆየን።

ሁለተኛ፣ ለየትኛው ስም ሰርተፍኬት እንደሚሰጥ ፖሊሲ መጻፍ ይቻላል። የኛ የሰርቨሮች ዶሜይን ብቻ ተፈቅዷል። ሌላ ስም ይዞ የመጣ ገና ሲያዝዝ ነው የሚባረረው፤ ማረጋገጫው ላይ አይደርስም። ይህን መስመር ያልጻፈ ሰው ሶፍትዌሩን አላዋቀረም እላለሁ።

ሦስተኛው ከሶፍትዌሩ ውጭ ነው፤ ፋየርዎል። ሲኤው ያለበት ማሽን በራሱ ንዑስ መረብ ላይ ተቀምጧል። ወደ ሰርቨሮቹ መረብ በፖርት 80 ይወጣል፣ ወደ ዲኤንኤስ ይወጣል፣ በቃ። ወደ ማስተዳደሪያ መረብ፣ ወደ ዳታቤዝ፣ ወደ 169.254.169.254 የለም። ነገ ኮዱ ውስጥ የማላውቀው ክፍተት ቢገኝ የሚያቆመው ይህ አጥር ነው። የሚገርመው፣ ወደ ውጭ የሚወጣን ጥያቄ መዝጋት አብዛኛው መሥሪያ ቤት የማይነካው ነገር ነው። የሚገባውን እንጠብቃለን፤ የሚወጣውን "ሂድ" ነው።

ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስኬድ ሲስተም) ያላችሁ ሰዎች ሰርተፍኬት የሚያወጣላችሁን ሰርት-ማናጀር እንደምትጠቀሙ አውቃለሁ። ስለሱ አንድ ነገር ብቻ፦ "ኢሹየር" የሚባለው ነገር ውስጥ የሰርቨር አድራሻ ይጻፋል፣ ሰርት-ማናጀርም ወደዚያ ይሄዳል። ክላስተሩን (የማሽኖቹን ስብስብ) ብዙ ቡድን የሚጋራው ከሆነ ኢሹየር መፍጠር ማን እንደሚችል እዩ። ለሁሉም ከሰጣችሁ፣ ሁሉም ሊልከው ይችላል።

ነጥብ እንስጥ። ስም የሌለው፣ ባለ ዳሽቦርዱ፦ ከአምስት ሁለት። አንዱ ሰርተፍኬት ፈልጎ ለማግኘቱ፣ አንዱ ለደህንነት ክፍሉ ጨዋነት። የመጨረሻው ማስተካከያ ከወጣ ስሙንም ጽፌ ነጥቡንም አነሳለሁ። ስቴፕ-ሲኤ፦ አራት። አምስተኛውን የነሳሁት ሦስቱን የማረጋገጫ ዓይነቶች ከፍቶ፣ ፖሊሲውን ባዶ አድርጎ ስለሚመጣ ነው። የሚያውቅ ሰው ይዘጋዋል፤ የማያውቀው ግን "ሠራልኝ" ብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ገዝታችሁ የጫናችሁ፣ ነገ ጠዋት ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ ዌብሁካችሁ ሪዳይሬክት ይከተላል ወይ? መልሱን ለማን ያሳያል? ያልታመነ ሰርተፍኬት ውስጥ ያለን አድራሻ ትነካላችሁ ወይ? "ለኢንጂነሮቻችን እናስተላልፋለን" ካሏችሁ ራሳችሁ ሞክሩት፤ ፈቃድ በጽሑፍ ከያዛችሁ በኋላ። አማዞን ላይ ያላችሁ ግን ሻጩን አትጠብቁ። የማሽኑን የሜታዳታ ምርጫ ከፍታችሁ ሁለተኛውን ዓይነት "ግዴታ" አድርጉት። በኛ ማሽን ላይ ሶፍትዌሩ ምንም አልተስተጓጎለም፤ ዌብሁኩን ግን፣ ሻጩ ሪዳይሬክቱን ከመዝጋቱ በፊት፣ በዚያው 302 ስሞክረው ግራጫው ሳጥን 401፣ አልተፈቀደልህም፣ ብሎ መለሰልኝ።